«የእኛ የነጻነት ቀን መቼ ነው?»

የአድዋ ሰሞን ደብዳቤ ይበዛብኛል። ግማሹ ያመሰግናል፣ ግማሹ ይቆጣል። የታሪክ መምህር የነበረ ሰው ጡረታ ቢወጣም ጥያቄ አይለቀውም። ለዛሬ ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ ቦታ ወስዶብኛል፤ ታገሡኝ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ናይሮቢ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። ሰሞኑን በክፍላቸው ስለ ነጻነት እየተማሩ ነው። ኬንያዎቹ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ይላሉ። ኡጋንዳዊው ልጅ የ1962ቱን፣ ታንዛኒያዊቷ የ1961ዱን ይዘው መጡ። መምህሯ ደግሞ ‹ከአገራችሁ መሥራቾች ቃል አንዱን ይዛችሁ ኑ› ብላ የቤት ሥራ ሰጠች። ልጄ ‹የእኛስ መቼ ነው? መሥራቾቻችን ምን አሉ?› አለችኝ። ‹እኛ አልተገዛንም› ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ የምለው ጠፋኝ። ምን ላስነብባት?» እናት፣ ከናይሮቢ

እህቴ፣ ያልሻት ነገር እውነት ነው። ግን እዚያው ያልቃል። ልጅ ደግሞ «ከዚያስ?» ማለቷ አይቀርም። ሌላም ነገር አለ። ይህንኑ ክፍል ውስጥ ደረቷን ነፍታ ብትናገር አጠገቧ የተቀመጠችው ኬንያዊት ምን ይሰማታል? የዚያች ልጅ ቅድመ አያት ጫካ ገብቶ እንግሊዝን ተዋግቶ ይሆናል። የእነዚያ ታጋዮች መሪ ዴዳን ኪማቲ እ.ኤ.አ. በ1957 የተሰቀለው ወኔ አንሶት አይደለም። ስለዚህ ጉራውን እንተወው። እኔ እንኳ ይህ ጉራ ከሰለቸኝ ቆይቷል።

ከኬንያ ጋር የሚያገናኛትን ብትነግሪያት ይሻላል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ጆሞ ኬንያታ ለንደን ነበሩ። እዚያ ለኢትዮጵያ የሚሟገት ማኅበር ተቋቋመ። የማኅበሩ ጸሐፊ ኬንያታ ነበሩ። ያኔ ተማሪ የነበረው፣ ኋላ የጋና መሪ የሆነው ንክሩማም ለንደን መንገድ ላይ የወረራውን ዜና ሲያነብ፣ ከተማዋ በሙሉ በእሱ ላይ ጦርነት ያወጀች እንደመሰለው ኋላ ጽፏል። ይህን ይዛ ብትሄድ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ይሰማታል።

አሁን ቀኑን እንጨርስ። ኬንያ ነጻነቷን የተረከበችበት ሰዓት አለ። አንዱ ባንዲራ ወረደ፣ ሌላው ወጣ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ርክክብ አልነበረም። የሚቀርበው የካቲት 23 ነው፤ በ1888 ዓ.ም. ጣሊያን አድዋ ላይ የተሸነፈበት። «ወረቀቱስ?» ካለች ደግሞ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ውል አለ። ጣሊያን እዚያ ላይ የውጫሌ ውል መፍረሱን ተቀበለች። የኢትዮጵያንም ነጻነት ያለ ምንም ቅሬታ አወቀች። ታዲያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህን አትዝለዪባት። ልጅ ኋላ ራሷ ስታገኘው «እናቴ ደበቀችኝ» ትላለች።

«መሥራች» የሚለው ትንሽ ያስቸግራል። አሜሪካኖች 56 ሰው የፈረመበት ወረቀት አላቸው። ጋናዎች ንክሩማ አላቸው። የእኛን አገር እገሌ በዚህ ቀን መሠረታት ማለት አይቻልም። አገር ሊፈርስ ሲል የቆሙትን ብትወስጂ መምህሯ አትቆጣም። እንደዚያ ከሆነ ምርጫ አለሽ። የአፄ ዮሐንስ ተብሎ የሚነገረው አዋጅ አለ፤ ኢትዮጵያ እናትህ ናት፣ ዘውድህ ናት፣ ሚስትህ ናት፣ ልጅህ ናት፣ መቃብርህ ናት የሚለው። ያምራል። ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ሚስትህ» እና «መቃብርህ» ላይ ስትደርስ የምትጠይቅሽን አስቢው። እቴጌ ጣይቱም አሉ። የውጫሌ ክርክር ጊዜ ሴት ብሆንም፣ ጦርነትም ባልወድ፣ እንዲህ ያለ ውል ከመቀበል ጦርነት ይሻለኛል ማለታቸው ይነገራል። ኋላም መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ ውሃ እንዲያዝበት መላ ያመጡት እሳቸው ናቸው። ምሽጉ በጥር 1888 ዓ.ም. ተለቀቀ። ሴት ልጅ ስለሆነች ይህን ትወደዋለች።

እኔን ካልሽኝ ግን የአፄ ምኒልክን የክተት አዋጅ ስጪያት። መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. የታወጀውን። በየመጽሐፉ ቃሉ ጥቂት ይለያያል፣ ነገሩ ያው ነው። ሰው የሚያውቀው ቁራጩን ነው። ቲሸርት ላይ አንድ መስመር ይታተማል፤ ሌላው ይጣላል። ሙሉውን አብራችሁ አንብቡት። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም።

ሳስተምር ተማሪዎቼን ጮክ ብለው እንዲያነቡት አደርግ ነበር። ምኒልክ ገና ከመግቢያው የራሳቸውን ሞት ያነሣሉ። «ብሞትም ሞት የሁሉም ነውና ስለ እኔ ሞት አላዝንም» ይላሉ። ልጆቹ እዚህ ላይ ኮስተር ይላሉ። ቀጥሎ ጠላት ባሕር ተሻግሮ መምጣቱ ይነገራል። ከዚያ «እያለፈ እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር» የሚለው ይመጣል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል! የከተማ ልጅ ፍልፈል የት ያያል? አንድ ጊዜ ከገጠር የመጣ ልጅ ተነሥቶ አስረዳን። ፍልፈል ከላይ አይታይም አለ። ማሳው ደህና ይመስልሃል። አንድ ጠዋት አፈሩ እዚህም እዚያም ተቆልሎ ታገኘዋለህ። ያኔ ድንቹ ከሥር አልቋል። ሳቁ ቆመ። እኔም ያን ቀን ስለ ጣሊያን አመጣጥ ያዘጋጀሁትን ካርታ ማብራራት አላስፈለገኝም። ምጽዋ በ1877 ዓ.ም. ተያዘ፣ ከዚያ መረብ፣ ከዚያ ትግራይ። ልጁ ጨርሶልኛል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም በይ። «የሀገሬን ሰው ድካም አይቼ እስካሁን ብታገሠው» የሚለው ጋ። ብዙ ሰው ንጉሥ የሚናገረው የወግ ቃል ይመስለዋል። አይደለም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ነበር። ከብቱ በበሽታ አለቀ። በሬ ጠፍቶ መሬት ጦም አደረ። ሰው ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ። አዋጁ ሲወጣ አገሩ ገና ከዚያ እያገገመ ነው። የሚዘምተው ሰው ስንቁን ከራሱ ቤት ይዞ ነው የሚወጣው። ጎተራው ባዶ የነበረ ሰው ማለት ነው። ይህን ካላወቀች የቀረው ቃል ክብደቱ አይገባትም።

ከዚያ «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ ርዳኝ» ይላሉ። ቲሸርቱ ላይ ያለችው ይቺ ናት። የምትከተለዋ ትበልጣለች። ጉልበት የሌለህ ለልጅህ፣ ለምሽትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል «በሐዘን ርዳኝ» የምትለዋ። አሮጊት፣ በሽተኛ፣ ዓይነ ስውር ሁሉ ሥራ ተሰጠው ማለት ነው። ማዘን ሥራ ሆነ። የነጻነት ንግግር ብዙ አንብቤያለሁ። ለደካማ እንዲህ ቦታ የሰጠ ትዝ አይለኝም።

ቀጥሎ ማስፈራሪያው ይመጣል፤ እሱንም አትቁረጪው። «ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ፤ አልተውህም። ማርያምን! ለዚህ አማላጅ የለኝም።» ልጆች ይህን ሲያነቡ ድምፃቸው ይለወጣል። አንዳንድ ወላጅ «ለልጅ አይሆንም» ሲል ሰምቻለሁ። ለምን አይሆንም? ንጉሥ ነበሩ እንጂ አስተማሪ አልነበሩም። መጨረሻው ደግሞ ከሁሉም ደረቅ ነው። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ ከተህ ተገኝ ይላል። ቦታና ቀን። በቃ። ልጅሽ ካርታ አውጥታ ወረኢሉን ትፈልገው፤ ደቡብ ወሎ ነው። ከዚያ አድዋን ትፈልግ። ዘማቾቹ መሐሉን የሄዱት በእግራቸው ነው።

ለቤት ሥራው ከአዋጁ አንድ መስመር ብቻ ተፈቀደ ከተባለች «በሐዘን ርዳኝ» የምትለውን ትውሰድ።

«ይድረስ ለጋሼ። ወላይታ ሶዶ የምኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በየዓመቱ የካቲት ላይ ያን አዋጅ ግቢያችን ውስጥ ይለጥፉታል። ‹ያገሬ ሰው፣ ከአሁን ቀደም የበደልኩህ አይመስለኝም› የሚለው ላይ ስደርስ ማንን ነው እላለሁ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና የተማረኩት ከአድዋ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይቀድም ነው። የአያቶቼ ቤት የተቃጠለው በዚሁ ንጉሥ ጦር ነው። ይህን ቃል የእኔም መሥራቾች ቃል ነው ብዬ እንድቀበል ይጠብቃሉ? በግልጽ ይመልሱልኝ።» ተማሪ፣ ከሶዶ

ልጄ፣ አልጠብቅም። ግልጽ መልሱ ይህ ነው።

ዘመኑን በትክክል ይዘኸዋል። የወላይታ ዘመቻ በ1887 ዓ.ም. ነው፤ ካዎ ጦና ጋጋ የተማረኩትም ያኔ ነው። አዋጁ የወጣው ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ነው። የጦርነቱ ቁስል ገና ትኩስ ነው። እንግዲያው አንተ የቆምክበት መስመር ላይ መቆምህ ልክ ነህ። እኔ ብሆን ከዚያም ቀደም ብዬ እቆም ነበር። መግቢያው ላይ እግዚአብሔር «ጠላት አጥፍቶ፣ አገር አስፍቶ አኖረኝ» ይላሉ። አገር ሲሰፋ ያ የሰፋው መሬት ላይ ሰው ነበር። ከዚያ ሰው አንዱ የአንተ ቅድመ አያት ነው። ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉት ደብዳቤም ያው ነው። በአንድ በኩል ከሩቅ የመጡ መንግሥታት አፍሪካን ሲቀራመቱ ዝም ብዬ አላይም ይላሉ። ይህን ሁሉም ይጠቅሰዋል። እዚያው ደብዳቤ ላይ ግን የራሳቸውን ወሰን እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ እዘረጋለሁ ይላሉ። ይህን የሚጠቅስ ትንሽ ነው።

«ያገሬ ሰው» ያሉት ማንን ነው ላልከው፣ አዋጁ ራሱ ይመልስልሃል። የመጨረሻው መስመር ላይ የሚጠሩት የሸዋን ሰው ነው። የሚያውቁትን፣ አብረውት የኖሩትን ሰው ነው «የበደልኩህ አይመስለኝም» የሚሉት። ዛሬ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ለሁላችንም የተጻፈ ይመስላል። ያኔ ነው አንተ ጋ የሚያመው። የሚለጥፉት ልጆች ይህን አስበውት አይመስለኝም። ክፋት ሳይሆን ልማድ ነው።

እኔ ክፍል ውስጥም እንዳንተ የጠየቀኝ ነበር። ሌሎቹ «እሱ ደግሞ!» ብለው ሊያሳፍሩት ሞከሩ። ተዉት አልኩ። ሰዓቱ እስኪያልቅ እሱ አወራ። በሚቀጥለው ሳምንት ከሌላ ክፍል ሳይቀር ወንበር እየጎተቱ ገቡ።

አሁን ደግሞ እኔ ልከራከርህ። ከአዋጁ ጋር አለመስማማት አንድ ነገር ነው። «አድዋ አይመለከተኝም» ማለት ሌላ ነው። ሁለተኛውን አላልክም፤ ብዙ ጓደኞችህ ግን ሲሉ እሰማለሁ። ባልቻ ሳፎን አስባቸው። ከጉራጌ ምድር ናቸው። ልጅ ሳሉ ጦርነት ላይ ቆስለው ተገኙ፣ ተማርከው ምኒልክ ቤት አደጉ። የደረሰባቸው በደል በአካላቸው ላይ ነበር፤ ታሪኩን ታውቀዋለህ። አድዋ ላይ መድፉን የመሩት እኚህ ሰው ናቸው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ከጨቦ ተማርከው የመጡ ናቸው፤ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ባልቻ ስለ ልጅነታቸው ምን ይሰማቸው እንደነበር ጽፈው አልተዉልንም። ይቅር ብለዋል ብዬ በእሳቸው ቦታ ልናገር አልችልም። የማውቀው በስተርጅና፣ ሁለተኛው ወረራ ጊዜ፣ እንደገና ጣሊያንን ሲዋጉ መሞታቸውን ነው። አድዋን ለምኒልክ ብቻ ካስረከብከው ባልቻን የት ታደርጋቸዋለህ?

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ይህንኑ ጣጣ በሚገርም መንገድ ተወጥቶታል። ፍሬድሪክ ዳግላስ ይባላል። ባርነት ውስጥ ተወልዶ ያመለጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 ሮቸስተር ከተማ ውስጥ በነጻነት በዓል ንግግር አድርግልን አሉት። የተናገረው ጁላይ 4 ሳይሆን በማግስቱ ነው። መጀመሪያ የ1776ቱን ሰዎች ጀግኖች ነበሩ ብሎ አከበራቸው። ከዚያ በዓሉ የእናንተ ነው እንጂ የእኔ አይደለም፤ እናንተ ትደሰታላችሁ፣ እኔ አለቅሳለሁ አላቸው። ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ ብሎ የጻፈው ጄፈርሰን ራሱ ሰዎችን በባርነት ይገዛ ነበር። ዳግላስ ወረቀቱን ቀዶ አልጣለም። ይዞ «ይኸው ራሳችሁ የጻፋችሁት» አለ። ተከራካሪ ጠበቃ ማለት እንዲህ ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። አዋጁን አትገንጥል፤ ጠብ ነው የምታተርፈው። ጎኑ ሌላ ገጽ ለጥፍ። ስለ ካዎ ጦና አካባቢህ ያሉ ሽማግሌዎች የሚሉትን በራሳቸው አነጋገር ጻፈው፤ በወላይትኛም በአማርኛም። የተናጋሪውን ስምና ቀበሌ አስቀምጥ። ሽማግሌዎቹ እየተጠሩ ነውና አትዘግይ። ከለጠፍከው በኋላ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ዝግጅት ክፍሉ ከፈቀደ እዚሁ አምድ ላይ አወጣዋለሁ። ካልፈቀደም እነግርሃለሁ።

«እኔና የሰፈሬ ሰው ተወራርደናል። እኔ የድል በዓል ሚያዝያ 27 ነው እላለሁ። እሱ መጋቢት 28 ነው ይላል። ይፍረዱን። ደግሞስ ነጻነት የተመለሰበት ከሆነ ለምን የነጻነት በዓል አይባልም?» ጡረተኛ፣ ከደሴ

ጋሼ፣ እንደ እኔው ጡረተኛ ነዎትና ጊዜ አለዎት ማለት ነው፤ ትንሽ ላስረዝመው።

በ1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ የሚመራው ጦር አዲስ አበባ የገባው መጋቢት 28 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ሲመጡ ቆይተው የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። ቀኑ ጥሩ ገጠመኝ ነበረው፤ የጣሊያኑ የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባን የያዘው በ1928 ዓ.ም. በዚያው በሚያዝያ 27 ነው። ልክ በአምስት ዓመቱ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በገቡበት ዕለት ለሕዝቡ ከተናገሩት ውስጥ ክፉን በክፉ አትመልሱ የሚለው ይገኝበታል። ይህን የሚሰማው ሕዝብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ያለቁበትን ገና እየቆጠረ ነው። ቀላል ትእዛዝ አልነበረም። በብዛት ግን ተከብሯል፤ ብዙ ጣሊያን እዚሁ ቀርቶ ጋራዥ ከፍቶ ኖሯል።

ለምን ነጻነት አልተባለም ለሚለው፣ የነጻነት በዓል የሚለው ሰው አለ፤ አልጣላውም። እኔ ግን ድል ማለቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ጣሊያን ወጣ፣ እንግሊዝ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ በገቡ በሳምንቱ ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ እንግሊዞች ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ መንግሥት ማቋቋም አይችሉም ብለው ነበር። በጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈረመ፣ በ1937 ዓ.ም. ተሻሻለ። እንግሊዝ ይዞት የቆየው በምሥራቅ ያለው የሐውድ ምድር ተጠቃሎ የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ነጻነቱ የትኛው ቀን ላይ ይጻፍ?

ወደ ውርርዱ ስመጣ፣ ዛሬ በዓሉ ሚያዝያ 27 ነው፤ እርስዎ ትክክል ነዎት። ጓደኛዎም ግን ከሜዳ አላመጡትም። ደርግ ንጉሡ የገቡበትን ቀን ማክበር ስላልወደደ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዙሮት ነበር። ደርግ ሲወድቅ ወደ ቦታው ተመለሰ። እሳቸው በዚያ ዘመን ሰልፍ ወጥተው ይሆናል። የተወራረዳችሁበትን ግማሽ ግማሽ ክፈሉ።